ሞፈር የቀየረ ገበሬ ማሳውን ይነጠቃል?

አንድ ጥያቄ ላንሳ። ከቡሬ ወጣ ባለ ቀበሌ የሚኖር ገበሬ ሞፈሩ ሲሰበርበት ሌላ ይጠርባል። ድግሩ ሲያልቅ ድግር ይተካል። ማረሻው ሲዶለዱም ያስጠርባል፤ ሲብስበትም አዲስ ይገዛል። ምራኑም እርፉም በየተራቸው ይቀየራሉ። ከዐሥር ዓመት በኋላ ከመጀመሪያው ዕቃ አንዲት ስንጥር እንኳ ላትገኝ ትችላለች። ሰውየውን «ይህ የማን ነው?» ብትሉት ግን «ያባቴ ነው» ይላችኋል። ዋሸ ትሉታላችሁ? እኔ አልለውም።

ይህን ያነሣሁት ስለ እርሻ ለማውራት አይደለም፤ ስለ ኮምፒውተር ነው።

ፍኖተ ሰላም ላይ በጽሕፈትና በፎቶ ኮፒ ሥራ የሚተዳደር ሰው አለ እንበል። ለፍቶ ባጠራቀማት ገንዘብ ከነሕጋዊ ዊንዶውሱ አንድ ኮምፒውተር ገዛ። ክረምት ላይ መብራት ሄዶ ሲመለስ በኃይል መጣና ማዘርቦርዱን አቃጠለበት። ጠጋኙ ልጅ ፈልጎ ያገኘውን ሌላ ማዘርቦርድ ገጠመለት። ኮምፒውተሩ ተነሣ፣ ፋይሉም ደኅና ነው። ከስክሪኑ ግርጌ ግን «ዊንዶውስን አክቲቬት ያድርጉ» የሚል ጽሑፍ ብቅ አለ።

«ምንድን ነው ይሄ ደግሞ?»

«ጋሼ፣ ላይሰንሱን አላወቀውም። ኮምፒውተሩ ሌላ ነው እያለ ነው።»

«ሌላ? ይኸው የኔው አይደለም እንዴ?»

«ግዴለም ጋሼ፣ በክራክ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።»

ጥያቄው እዚህ ላይ ነው። ይህ ሰው ክራኩን ቢያስጭን ሰረቀ ነው የሚባለው? ወይስ የራሱን አስመለሰ?

በመጀመሪያ አሠራሩን እንይ። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2001 ዊንዶውስ ኤክስፒን ሲያወጣ አክቲቬሽን የሚባለውን ነገር ለተራው ገዢ አመጣ። ፕሮግራሙ የኮምፒውተሩን ዕቃዎች፣ ማለትም ፕሮሰሰሩን፣ ሃርድ ዲስኩን፣ ራሙን፣ የኔትወርክ ካርዱንና የመሳሰሉትን ቆጥሮ አንድ መለያ ይሠራል። አንድ ሁለቱ ቢቀየሩ ዝም ይላል። ብዙ ሲቀየር ግን «አላውቅህም» ይላል። ከሁሉም የከበደው ማዘርቦርዱ ነው። ከፋብሪካ ከኮምፒውተሩ ጋር አብሮ የመጣ ላይሰንስ ከዚያ ኮምፒውተር ጋር ይኖራል፤ ከዚያው ጋር ይሞታል። ለብቻው በችርቻሮ የተገዛው ግን ከአሮጌው ላይ ተነሥቶ ወደ አዲሱ ሊዛወር ይችላል። ከ2016 ወዲህ ደግሞ ላይሰንሱን ከማይክሮሶፍት አካውንት ጋር ማያያዝ ተችሏል። ዕቃ የለወጠ ሰው አክቲቬሽን የሚለው ገጽ ውስጥ ገብቶ «በቅርቡ ሃርድዌር ቀይሬያለሁ» ብሎ ማመልከት ይችላል።

«ያው ነው ወይስ ሌላ ነው?» የሚለው ክርክር ከኮምፒውተር በፊት የነበረ ነው። የግሪኩ ጸሐፊ ፕሉታርክ የቴሴውስን መርከብ ነገር ጽፎልናል። አቴናውያን የበሰበሰውን ሳንቃ እያነሡ በአዲስ ሲተኩ፣ ፈላስፎቹ «መርከቡ ያው ነው» እና «አይደለም» በሚል ተከፈሉ። በ17ኛው መቶ ዘመን እንግሊዛዊው ቶማስ ሆብስ ነገሩን አወሳሰበው። አንድ ሰው የተጣሉትን አሮጌ ሳንቃዎች ለቅሞ በቀድሞው ሥርዓታቸው ቢገጥማቸውስ? አሁን ሁለት መርከብ አለ። የቴሴውስ የትኛው ነው?

የኛ አገር ሰው ይህን ጥያቄ በተግባር ከመለሰው ቆይቷል። ምዕራብ ጎጃም ውስጥ የሣር ክዳን የነበራት ቤተ ክርስቲያን ፈርሳ በቆርቆሮ ትሠራለች። ግድግዳው፣ ጣሪያው፣ በሩ ሁሉ አዲስ ነው። ምእመኑ ግን «አዲስ ቤተ ክርስቲያን ተተከለ» አይልም፤ «ቤተ ክርስቲያናችን ታደሰች» ነው የሚለው። ታቦቱ ያው ነዋ! እንግዲህ ማንነት በዕቃው ብዛት የሚቆጠር ሳይሆን፣ የነገሩ ዋና በሆነው ላይ የሚያርፍ ነው ማለት ነው። ታዲያ የኮምፒውተሩን ዋና ማን ይወስን? ኩባንያው ማዘርቦርዱ ነው ይላል። ባለቤቱ ግን ፋይሌ ነው፣ ሥራዬ ነው፣ የከፈልሁት ገንዘብ ነው ይላል።

ለኩባንያውም ፍርድ እንስጠው። ሥጋቱ የሆብስ ሁለተኛ መርከብ ነው። «ዕቃ ቀይሬ ነው» ያለ ሁሉ ቢታመን፣ አሮጌው ማዘርቦርድ ሌላ ሱቅ ውስጥ ተገጥሞ በዚያው ላይሰንስ ይሠራል፤ አንዱ ዐሥር ይሆናል። ስለዚህ አንድ ቦታ ላይ መስመር ማስመሩ አይገርምም። የሚገርመው ሌላ ነው። የኩባንያው የራሱ መመሪያ ማዘርቦርድ በብልሽት ምክንያት በተመሳሳዩ ከተተካ አዲስ ላይሰንስ አያስፈልግም ይላል። ለማሻሻል ተብሎ ከተቀየረ ግን እንደ አዲስ ኮምፒውተር ይቆጥረዋል። ይህ ብልህ ሕግ ነው፤ የተለወጠውን ብቻ ሳይሆን ለምን እንደተለወጠ ይጠይቃልና። ነገር ግን ስክሪኑ ላይ የሚፈርደው ማሽን «ለምን?» ብሎ አያውቅም። መብረቅ ይሁን ምኞት አይለይም። በዚያ ላይ ቡሬ ወይም ፍኖተ ሰላም ላይ ያንኑ ዓይነት ማዘርቦርድ ከየት ይመጣል?

ላይሰንስ ምን እንደሆነ ለአንድ የጎጃም ገበሬ ለማስረዳት ብዙ አያደክምም። ይዞታ ነው። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም፤ ገበሬው የመጠቀም መብት ነው ያለው። ዊንዶውስ የገዛም ሰው ፕሮግራሙን አልገዛም፤ የመጠቀም መብት ነው የገዛው። እስከዚህ ይስማማሉ። ግን ገበሬው በሬ ስለለወጠ፣ በርበሬ ትቶ በቆሎ ስለዘራ የይዞታ ደብተሩ አይሰረዝበትም። መብቱ የተሰጠው ለሰውየው እንጂ ለበሬው አይደለም። በፋብሪካው ላይሰንስ መብቱ የታሰረው በበሬው አንገት ላይ ነው። በሬው ሲሞት ባለቤቱም ባዶ እጁን ይቀራል። እኔ ቅሬታ አለኝ የምለው እዚህ ላይ ነው።

ታዲያ ክራኩ? ቅሬታው እውነት ነው፤ ክራኩ ግን መፍትሔ አይደለም። አንደኛ፣ ማን እንደሠራው የማይታወቅን ቁልፍ የቤትህን በር እንዲከፍት ፈቅደህ ንብረቴ ደኅና ነው ማለት አይቻልም። ጽሕፈት ቤቱ ደግሞ የሰው ውል፣ የሰው ማመልከቻ የሚታተምበት ነው። ሁለተኛ፣ የኔ ያለው ሰው ማስረጃውን ይዞ ይከራከራል እንጂ ሌሊት አጥር አይዘልም። አጥር ከዘለለ በኋላ ባለመብቱንና ምንም ሳይከፍል የሚጠቀመውን ማን ይለያቸዋል?

«ኩባንያው ሀብታም ነው፣ የኛ ምኑም አይደለም» የሚለው የተለመደ ማመካኛም አያዋጣም። ባላገሩን ጠይቁት። የጎረቤቱ ማሳ ሰፊ ስለሆነ አንድ ትልም ገፍቶ ማረስ ይፈቀዳል? ድንበር መግፋት በሀብታምም በድሀም ላይ ነውር ነው። ይህ ግን ለሁለቱም ወገን ነው። የተጠገነውን ኮምፒውተር «አዲስ ነው» ብሎ የከፈለን ሰው እንደገና ማስከፈልም ድንበር መግፋት ነው።

ጉዳዩ ደግሞ አላረጀም። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ብዙ አሮጌ ኮምፒውተሮች የሌላቸውን የደኅንነት ቺፕ ይጠይቃል። ማዘርቦርድ የሚቀይረው ሰው ይበዛል ማለት ነው። ስለዚህ ዕቃ ከመቀየር በፊት ላይሰንሱ ከፋብሪካ የመጣ ይሁን ከችርቻሮ ማጣራት፣ ከአካውንት ጋር ማያያዝ፣ የግዢ ደረሰኙንና የጠጋኙን ወረቀት ማስቀመጥ ይገባል። ለመክፈል አቅም የሌለው ደግሞ እንደ ኡቡንቱ ያሉ በነፃ የሚታደሉ ሥርዓቶች አሉለት። ማንንም ሳይሰርቅ ማዘርቦርዱን መቶ ጊዜ ቢቀይር የሚጠይቀው የለም።

በገጠሩ የድንበር ጠብ ሲነሣ ሽማግሌዎች ማሳው ላይ ይወርዳሉ። ድንጋዩን ያያሉ፣ ጎረቤት ይጠይቃሉ፣ ሁለቱንም ይሰማሉ። የላይሰንሱ ጠብ ላይ የጠፋው ይህ ነው። ዳኛው ጆሮ የሌለው ማሽን ሆነ። የፍኖተ ሰላሙ ሰውዬ የሚሰማው ሰው የመጠየቅ መብት አለው፤ ሊጮህም ይገባል። ሲሄድ ግን ደረሰኙን ይያዝ እንጂ ክራኩን አይያዝ።