ከግርግም የሚፈታው ማን ነው?



ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ የሚወጣውን መንገድ የምታውቁ፣ ከእንጨት ሸክም በታች ጎብጠው የሚወርዱትን እናቶችና ጭነት የከበዳቸውን አህዮች ታውቃላችሁ። ከላይ ተራራው ላይም ለሽርሽር የሚከራዩ ፈረሶች አሉ። በዚያ መንገድ ባለፍሁ ቍጥር በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 13 የተጻፈችው፣ 18 ዓመት ጎብጣ የኖረችው ሴት ትታወሰኛለች። ጌታችን በሰንበት ፈወሳት። የምኵራቡ አለቃ በተቈጣ ጊዜም፣ በሬውንና አህያውን በሰንበት ከግርግም ፈትቶ ውኃ የሚያጠጣ ሰው የአብርሃም ልጅ ከእስራቷ ስትፈታ ስለ ምን እንደሚቃወም ጠየቀ። ልብ በሉ፤ ጌታ እንስሳ መንከባከብን አልነቀፈም፤ መመዘኛ አደረገው እንጂ።

እንስሳው ራሱ ሰውን የሚፈታበት ጊዜም አለ። ዴንማርካዊቷ ሊስ ሃርቴል እ.ኤ.አ. በ1944 በፖልዮ ታማ ከጉልበቷ በታች ሽባ ሆነች። ከኮርቻ የሚያወጣትና የሚያወርዳት ሰው ቢያስፈልጋትም፣ በ1952 የሄልሲንኪ ኦሎምፒክ በፈረስ ግልቢያ የብር ሜዳልያ ተቀበለች። ከዚያ ወዲህ አካል ጉዳተኞችን በፈረስ የሚረዱ ማእከላት በብዙ አገሮች ተስፋፍተዋል። የፈረስ እርምጃ የተቀመጠውን ሰው ዳሌ እንደ ሰው አረማመድ ያንቀሳቅሳል፤ ሚዛን መጠበቅንም ያለማምዳል።

እኔን ግን ከግልቢያው በፊት ያለው ሥራ ይበልጥ ይገርመኛል። ኮርቻው ከመጫኑ በፊት ልጁ ፈረሱን ይቦርሻል፤ ከጀርባው ላይ ያልተራገፈ የደረቀ ጭቃ ከኮርቻው ሥር እየፈተገ ገጣባ ያወጣልና። ሰኮናው ውስጥ የተሰካ ጠጠር መኖሩም ይታያል። ዘወትር ሌላ የሚያጥበው፣ ሌላ የሚያጎርሰው ልጅ በዚያች ሰዓት እርሱ ተንከባካቢ ይሆናል። የተኰማተረ ጣቱንም ብሩሹን ለመያዝ ሲል ይዘረጋል።

በየቤታችን ግን እንግዳ ሲመጣ ወደ ጓዳ የሚገባ ልጅ አለ። በኀፍረት ይሁን ከፍቅር በመነጨ ፍርሃት፣ እንሰውረዋለን። ከብቱ ማለዳ ተፈትቶ ይወጣል፤ ልጁ ጓዳ ይውላል። መምህራን ሆይ፤ በቁምስናችሁ ለመጀመሪያ ቍርባን ትምህርት ያልመጣው ልጅ ለምን እንደ ቀረ ቤቱ ሄዳችሁ ጠይቃችኋልን?

ልጅን ፈረስ ላይ ማውጣት የሐኪም ምክርና የሠለጠነ ሰው ይጠይቃል፤ በድፍረት የሚሞከር አይደለም። ፈረስ መቦረሽ ግን ገራም ፈረስ፣ ልጓሙን የሚይዝ ባለቤትና ከልጁ ጎን የሚቆም ወላጅ ከተገኘ ከዚህ ሰፈርም የራቀ አይደለም። ከኋላ አታስጠጉት፤ ፈረሱ በሚያየው በትከሻው በኩል ይቅረብ። በመጀመሪያ አንገቱን በመዳፉ ይዳስስ፤ ከዚያ ብሩሹን ስጡት።