ፍርሃት ነውር ነውን?

ፈሪን መናቅ በሀገራችን የቆየ ልማድ ነው። «ፈሪ ለእናቱ» የሚለውን ተረት ሳይሰማ ያደገ ልጅ አይገኝም። እኔም አርባ ዓመት ያህል በመምህርነት ስኖር ይህን ተረት ለተማሪዎቼ ብዙ ጊዜ ጠቅሻለሁ፤ እውነት መሆኑንም ተጠራጥሬ አላውቅም ነበር። በጡረታ ዘመኔ ግን ነገሩን እንደገና ለመመርመር ተገደድሁ። ያስገደደኝም መጽሐፍ ሳይሆን ባሕር ነው።

በ2012 ዓ.ም. በጥር ወር፥ በጅቡቲ በሥራ ላይ የነበረውን ልጄን ልጠይቅ በባቡር ወረድሁ። እኔ የደጋ ሰው ነኝ። ዋና በልጅነቴ በወንዝ ተምሬአለሁ፤ ከባሕር ጋር የነበረኝ ትውውቅ ግን በካርታ ላይ ብቻ ነበር። የታጁራን ባሕረ ሰላጤ በበትር ጫፍ እየነካሁ «ይህ ነው» ስል ኖሬአለሁ። ልጄም ይህን ያውቅ ነበርና፥ «አባባ፥ በካርታ ያሳዩንን ባሕር እስቲ ደግሞ ውስጡን ይዩት» ብሎ አየር ታዝሎ ወደሚጠለቅበት ትምህርት ወሰደኝ። ሐኪም ልቤንና ሳንባዬን መርምሮ ከፈቀደልኝ በኋላ ጀመርሁ።

አስተማሪዬ ድሬዳዋ የተወለደ፥ ዕድሜው ከመጨረሻው ልጄ የሚያንስ ወጣት ነበር። የድሬ ልጅ እንደ ልማዱ «አንቱ» ማለትን አያውቅምና፥ «አባባ፥ ና እዚህ ተቀመጥ» ባለኝ ጊዜ በልቤ ቅር አለኝ። ደግሞም የሚነግረኝ ሁሉ አስቀድሜ የማውቀው ነበር። አየር ግፊት ሲበዛበት መጠኑ እንደሚያንስ፥ ግፊቱም ሲቀንስ እንደሚሰፋ፥ ሮበርት ቦይል በ1662 እ.ኤ.አ. የገለጸውን ሕግ እኔ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ለብዙ ዓመት ጽፌዋለሁ። በባሕር ወለል ላይ ያለው ግፊት አንድ አትሞስፌር ሲሆን፥ በ10 ሜትር ጥልቀት ሁለት፥ በ20 ሜትር ሦስት ይሆናል። እንግዲህ በ10 ሜትር ጥልቀት ሳንባውን በአየር የሞላ ሰው ትንፋሹን ይዞ ወደ ላይ ቢወጣ፥ ያ አየር እጥፍ ለመሆን ሲሰፋ ሳንባውን ሊቀድደው ይችላል። ስለዚህ የጠላቂዎች የመጀመሪያው ትእዛዝ «ትንፋሽህን ከቶ አትያዝ» የሚል ነው። በጀርባ የሚታዘለው ብረት ብዙ ሰው እንደሚያስበው ንጹሕ ኦክሲጅን የያዘ ሳይሆን፥ ይኸው ዘወትር የምንተነፍሰው አየር ታምቆ የተሞላበት ነው። ፈረንሳውያኑ ኩስቶና ጋኛን በ1943 እ.ኤ.አ. የሠሩት ዓይነት መሣሪያም፥ ጠላቂው ወደ ውስጥ በሳበ ጊዜ በዙሪያው ባለው የውሃ ግፊት ልክ አየር ይሰጠዋል። ይህን ሁሉ ዐውቅ ነበር።

ይሁን እንጂ ማወቅ ሌላ፥ በውሃ ውስጥ ሆኖ ማወቅ ሌላ ነው። በመጀመሪያው ቀን፥ ጥልቀቱ ከሁለት ሜትር በማይበልጥ ስፍራ በአሸዋው ላይ ተንበረከክን። አስተማሪዬ መነጽሬን በጥቂቱ ከፍቼ ውሃ እንዳስገባና፥ ከዚያም በአፍንጫዬ እፍ ብዬ እንዳስወጣው በምልክት አዘዘኝ። ሥራው ለሕፃን የሚቀል ነው። ነገር ግን ውሃው አፍንጫዬን በነካ ጊዜ ትንፋሼ ቆመ፤ ሁለት እግሮቼም ወደ ላይ ሊወረውሩኝ ተነሡ። አርባ ዓመት ያስተማርሁት ሕግ እንዳልነበረ ሆነ። ወጣቱ የትከሻዬን ማንገቻ ያዘና ዓይን ዓይኔን እያየ፥ እጁን በደረቱ ላይ አድርጎ በዝግታ ይተነፍስ ጀመር። እኔም እርሱን እያየሁ ተነፈስሁ።

ከውሃ ስንወጣ ተግሣጽ እጠብቅ ነበር።

«አባባ፥ ፈራህ?» አለኝ።

«አልፈራሁም» አልሁት። በስድሳ አንድ ዓመቴ ዋሸሁ።

እርሱ ግን አልሳቀብኝም። «እኔ የመጀመሪያ ቀን ፈርቼ ነበር። ብትፈራ ግድ የለም፤ ግን አትደብቀኝ። እዚያ ታች ሰው የሚገድለው የተደበቀው ነው» አለኝ። ቀጥሎም መዳፉን ዘርግቶ ግራና ቀኝ እያወዛወዘ አንድ ምልክት አስተማረኝ። ትርጓሜው «የሆነ ነገር ልክ አይደለም» ማለት ነው። ይህን ምልክት ካሳየ በኋላ ተማሪው የታወከበትን ስፍራ በጣቱ ያመለክታል።

በሦስተኛው ቀን ገመድ ይዘን ስንወርድ፥ አራት ሜትር ያህል እንደ ደረስን ጆሮዬን እንደ መርፌ ወጋኝ። ልደብቀው አሰብሁ፤ ደግሞም የወጣቱ ቃል ትዝ አለኝና መዳፌን አወዛወዝሁ፥ ጆሮዬንም አመለከትሁ። ጥቂት ወደ ላይ መለሰኝ። አፍንጫዬን ይዤ ቀስ ብዬ እፍ ስል ሕመሙ ለቀቀኝ፤ እስከ 10 ሜትርም ወረድን። ዓሦች ኮራሉን ሲቆረጥሙት ድምፁን ሰማሁ። ደብቄው ቢሆን ኖሮ የጆሮዬ ታምቡር በተቀደደ ነበር።

ስንመለስ በ5 ሜትር ጥልቀት ላይ ለሦስት ደቂቃ መቆም ነበረብን፤ ግፊት በደም ውስጥ ያሟሟው ናይትሮጅን በዝግታ እንዲወጣ የሚደረግ ጥንቃቄ ነው። በዚያ ጊዜ ከመተንፈስ በቀር ሥራ የለም። በዚያች ሦስት ደቂቃ ውስጥ ከብዙ ዓመት በፊት ያስተማርሁት አንድ የስድስተኛ ክፍል ልጅ በፊቴ ቆመ።

ያ ልጅ በደብተሩ ላይ የክፍልፋይን ስሌት ያለ ስሕተት የሚሠራ ነበር። ወደ ሰሌዳ ባወጣሁት ጊዜ ግን ጠመኔውን ይዞ ዝም አለ። እኔም በማስመሪያ መዳፉን መታሁትና በጓደኞቹ ፊት «ፈሪ ለእናቱ» አልሁት። ክፍሉ ሁሉ ሳቀ። በማግስቱ አልመጣም፤ ከዚያም በኋላ አልመጣም። እኔ ሰነፍ ነው ብዬ ስሙን ከመዝገብ ሰረዝሁ። ትንፋሹ የቆመበት ልጅ መሆኑን ያወቅሁት የእኔ ትንፋሽ በቆመ ጊዜ ነው።

«ያለ ፍርሃት ትምህርት የለም፤ እኛም በልምጭ ተምረን ሰው ሆነናል» የሚሉኝ ይኖራሉ። ይህን እኔም ብዬዋለሁ። ነገር ግን ሁለት ዓይነት ፍርሃት እንዳለ እንለይ። ባሕርን መፍራት ጥንቃቄ ነው፤ ጠላቂው አየሩን እንዲመለከት፥ ከጓደኛው እንዳይርቅ ያደርገዋል። አስተማሪን መፍራት ግን መደበቅን ብቻ ያስተምራል። ያን ወጣት ፈርቼው ቢሆን ኖሮ ጆሮዬን አላሳየውም ነበር። ተማሪዎቼ እኔን ፈርተው ያላሳዩኝ ስንት ነገር ነበር? እኔ ግን ዝምታቸውን እንደ ማወቅ ቆጥሬ ወደሚቀጥለው ምዕራፍ አልፌአለሁ።

እንግዲህ ጥያቄውን እንደሚመስለኝ ልመልስ። ፍርሃት ነውር አይደለም፤ ሳንጠራው የሚመጣ ነውና። ፍርሃትን መደበቅ ግን አደጋ ነው፤ የደበቀውም ሰው ከጥፋት ነጻ ነው አልልም። ይሁን እንጂ ትልቁ ጥፋት የሚፈራው ሰው «አልሆነልኝም» እንዳይል አፉን በሣቅና በበትር የዘጋው ሰው ነው። እኔ ከእነዚህ አንዱ ነበርሁ።

ያን ልጅ ላገኘው አልቻልሁም። ዛሬ እርሱም የልጆች አባት ይሆናል። ይህን ጽሑፍ ያነብበው እንደ ሆነ፥ መምህሩ በስተርጅና ከእርሱ ጋር ሰሌዳ ፊት እንደ ቆመ ይወቅልኝ። አንተም በማስተማር ላይ ያለህ አንባቢ ሆይ፥ ነገ ወደ ክፍል ስትገባ ከስሌቱ አስቀድመህ ያችን የመዳፍ ምልክት አስተምር፤ በተማሪ እጅ ላይ ባየሃትም ጊዜ አትቈጣ።