«ማን በደለ?»

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው ባዩ ጊዜ የጠየቁት ስለ ፈውሱ ሳይሆን ስለ በደለኛው ነበር (ዮሐ. 9)። ጌታችን ግን በደሉን ከሰውየውም ከወላጆቹም አራቀው። እኛም በሰፈራችን አንድ ሕፃን የኤድስ ቫይረስ ካለባት እናት መወለዱን በወሬ በሰማን ጊዜ «እናቱ ከየት አመጣችው?» አልን። መድኃኒት ጀምሮ እንደሆነ የጠየቀ አልነበረም። ይህን ስንጽፍ እያፈርን ነው።

እስኪ ነገሩን በትምህርት እንዳገኘነው እንየው። አብዛኞቹ ሕፃናት ቫይረሱ የሚይዛቸው ከእናታቸው ነው፤ በማኅፀን ሳሉ፣ በምጥና በወሊድ ሰዓት ወይም ጡት ሲጠቡ። (ሁልጊዜ ግን አይደለም። በሩማንያ በ1980ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ከሺህ በላይ ሕፃናት የተያዙት በአብዛኛው ባልተቀቀለ መርፌና ባልተመረመረ ደም ነበር። እዚያስ «ማን በደለ?» ልንል ነው?) ምንም ካልተደረገ ቫይረሱ ካለባቸው እናቶች ከሚወለዱ 100 ልጆች ከ15 እስከ 45 የሚሆኑት ይያዛሉ። እናት መድኃኒቷን በጊዜ ጀምራ ሳታቋርጥ ከወሰደች ግን ቁጥሩ ከ5 በታች ይወርዳል። በአገራችንም መድኃኒቱ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ክፍያ ይሰጣል። ጠበል ከያዙ መድኃኒት ይተዉ የሚሉ ወገኖች አሉ፤ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ግን እ.ኤ.አ. በ2007 ሁለቱን አብረው እንዲወስዱ ምእመናንን መክረዋል።

በሕፃን ላይ በሽታው ይቸኩላል። ከተያዙትና ካልታከሙት ሕፃናት ግማሽ ያህሉ ሁለተኛ ዓመታቸውን ሳይደፍኑ ይሞታሉ። ተራው የደም ምርመራ ደግሞ እስከ 18 ወር ድረስ ያሳስታል፤ በልጁ ደም ውስጥ የቀረውን የእናቱን መከላከያ ያሳያልና። ስለዚህ ሕፃኑ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ሲሞላው ቫይረሱን ራሱን የሚፈልግ ልዩ ምርመራ ያስፈልገዋል። እናቲቱ ሐሜታችንን ፈርታ ያንን ቀጠሮ ብትተወውስ? ጥያቄያችን ሕፃን የሚገድለው እዚህ ላይ ነው።

የዚያ ሕፃን እናት ከክርስትናው ወዲህ ወደ ቤተ ክርስቲያን አልመጣችም። በመጪው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሁለት እኅቶቻችን ቤቷ ሊሄዱ ተስማምተናል፤ ስለ በሽታው አንድ ቃል ሳያነሡ አራስ እንደሚጠየቅ ሊጠይቋት፣ ከፈቀደችም የሐኪም ቤት ቀጠሮ ሲኖራት ልጇን ሊያዝሉላት።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።