ጦሩ ያረፈበት እግር

ካርቱም፣ ካላክላ ሰፈር ውስጥ ማታ መብራት ሲጠፋ ጎረቤቴ ሐጅ የጠፍር አልጋቸውን ደጅ አውጥተው ይጠሩኝ ነበር። አልጋውን አንገሬብ ይሉታል። ልጃቸው አንድ ጆግ ዓርዴብ ታመጣለች፤ እኛ አገር ሁመር የሚባለው ፍሬ ተዘፍዝፎ የሚጠጣ ነው። ሐጅ በጉብዝናቸው ዘመን የሕንድ ፊልም አያመልጣቸውም ነበርና፣ ሰፈሩ ድቅድቅ ባለ አንድ ምሽት ስለ ታንሴን አጫወቱኝ።

ታንሴን የሬዋ ንጉሥ ዘፋኝ ነበር። በ1562 እ.ኤ.አ. የሞጉሉ ንጉሠ ነገሥት አክባር ዝናውን ሰምቶ ወደ ራሱ ግቢ አስመጣው። እንዲህ ይባላል፦ ዲፓክ የተባለውን ዜማ ሲያዜም የግቢው ኩራዝ ሁሉ እሳት ሳይነካው በራ፤ የዜማው ትኩሳት ግን የራሱን ገላ ይፈጀው ጀመር፤ የተረፈው በሌላ ዜማ ዝናብ ተጠርቶ ነው። መቃብሩ ጓሊዮር ነው። አጠገቡ የሁመር ዛፍ አለ፤ ዘፋኞች ድምፃችን ይመርልን እያሉ ቅጠሉን ያኝካሉ። ሐጅ እዚህ ላይ ሲደርሱ ብርጭቆውን ወደ እኔ ገፋ አድርገው፣ «ጠጣ እንግዲህ ልጄ፣ አንተም ታዜማለህ» አሉኝ። ከዚያም፣ «የእናንተስ ሰው ማነው?» አሉ።

የእኛ ሰው ቅዱስ ያሬድ ነው። ደቡብ ጎንደር የቆሎ ተማሪ ሆኜ ጾመ ድጓ ስማር፣ ቀለም አልገባን ሲል የኔታ ትሉን ያነሡልን ነበር፤ ስድስት ጊዜ ወድቆ በሰባተኛው ዛፉ ላይ የወጣውን። ለሐጅ የነገርኳቸው ግን የጦሩን ነው። አጼ ገብረ መስቀል አክሱም ላይ ጦራቸውን ተመርኩዘው ያሬድ ሲዘምር ያዳምጣሉ። ጦሩ የያሬድን እግር ወጋው። ደም ፈሰሰ። ዘማሪው አልተሰማውም፣ ንጉሡም አላዩም፤ ሁለቱም ያወቁት ዜማው ሲያልቅ ነው።

ሐጅ የዚክር ሰው ስለሆኑ ተመስጦ አይጠፋቸውም። በከበሮ መሐል ራሱን የረሳ ደርዊሽ ስንቱን አይተዋል። ራሳቸውን ነቀነቁ። ቆየት ብለው ግን፣ «የተወጋውስ ይሁን፣ የወጋው እንዴት አላየም?» አሉኝ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ታሪኩ ከልጅነቴ ጀምሮ የተነገረኝ ስለ ያሬድ ተመስጦ ነው፤ ያንን አምናለሁ። ስለ ንጉሡ ግን ጠይቄ አላውቅም ነበር። የተወጋ ሰው ሕመሙን ቢረሳ ጸጋ ነው እንበል። የወጋ ሰው የሌላውን ደም ቢረሳስ ምን እንለዋለን? ሁለቱንም ያስረሳቸው ያው አንድ ዜማ ነው።

ነገሩ ለምን እንደ ከነከነኝ ልናገር። የምሠራው ዳቦ ቤት ነበር፣ የሌሊት ተራ። ሊጡ ኩፍ እስኪል ድረስ በአራራይ አንጎራጉራለሁ። ባለቤቱ አንድም ቃል አይገባውም፤ ግን የዱቄት ጆንያ ላይ ተቀምጦ ይሰማኛል፣ እንባውን በጥምጣሙ ጫፍ ይጠርጋል። እንባው የውሸት አልነበረም፤ ዛሬም አልጠረጥረውም። ደመወዜን ግን ሦስት ወር አልሰጠኝም። እኔም አልጠየቅሁም። በባዕድ አገር ድምፄን እንዲያ የሚሰማልኝ ሰው ማግኘቴ ራሱ አጥግቦኝ ነበር። አንድ ሌሊት ምድጃው አፍ ላይ ቆሜ ሳዜም የጋለው ላሜራ ክንዴ ላይ ተለጠፈ፤ ያወቅሁት የሥጋዬ ሽታ ሲመጣ ነው። እንደ ያሬድ ሆንኩ ብዬ በልቤ ደስ አለኝ። እናቴ በስልክ «ምነው ልጄ፣ ድምፅህ ጠፋ» ስትለኝ ግን የምልክላት አልነበረኝም።

የኔታ የዜማውን ምልክት ሲያስጠኑን በጣታቸው ብራናውን እየነኩ ነበር። ይዘት ጌታ መያዙ ነው፣ ጭረት የግርፋቱ ሰንበር፣ ርክርክ የደሙ ነጠብጣብ። እነዚህን ምልክቶች በአጼ ገላውዴዎስ ዘመን የሠሩት አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ናቸው ይባላል፤ ታንሴን አክባር ዘንድ ከመግባቱ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ መሆኑ ነው። አዛዥ የቤተ መንግሥት ማዕረግ ነበር። የግቢ ሰዎች ቁጭ ብለው በእያንዳንዱ ቃል ራስ ላይ ቁስል ጻፉበት። እንግዲህ እኛ የምናዜመው ደም ለመርሳት ከሆነ ምልክቱን ምን ብለን እናነበዋለን?

ሐጅ ሌላም ነግረውኛል። አክባር ተሰውሮ ሄዶ የታንሴንን መምህር ስዋሚ ሐሪዳስን ሰማ፤ ድምፁ ከታንሴን በለጠበትና ምክንያቱን ጠየቀ። ታንሴንም እኔ የማዜመው ለአንተ ነው፣ እሱ የሚያዜመው ለአምላክ ነው ሲል መለሰለት ይባላል። ታሪኩ ያምራል፤ ግን አልጨረሰልኝም። ያሬድ ለእግዚአብሔር እየዘመረም ጦሩ አልቀረለትም። ለማን እንደሚዘመር ዘማሪው ያውቃል፤ እግሩ ላይ ምን እንደ ቆመ ማየት ያለበት ግን የሚሰማው ሰው ነው።

ገብረ መስቀል ደሙን ሲያዩ ደነገጡ፣ ጦሩን ነቀሉ፣ የምትሻውን ሁሉ ጠይቀኝ ብለው ማሉለት። ያሬድ ወርቅ አላለም፤ አሰናብተኝ፣ ልመንኩስ አለ። ንጉሡ አዘኑ፤ ግን መሐላ ነውና ለቀቁት፣ እሱም ወደ ሰሜን ተራሮች ሄደ። ያን ድምፅ ዳግመኛ ላይሰሙት ነው የለቀቁት። ሰው ሁሉ የሚያደንቀው የዜማውን ሰዓት ነው፤ እኔን ግን ልቤን የሚነካኝ ይህ ነው፦ ከዜማው በኋላ ያለው ጸጥታና ንጉሡ በዚያ ጸጥታ ውስጥ ያደረጉት።

የያሬድ መሰወር በሚታሰብበት በግንቦት 11 ዋዜማ ሥራ ገባሁ። ሊጡ ኩፍ አለ፤ አፌን አልከፈትኩም። ባለቤቱ ጆንያው ላይ ተቀምጦ፣ «ምነው ዛሬ ዝም አልክ?» አለኝ። እጅጌዬን ሰብስቤ ክንዴን አሳየሁት፤ ከዚያ የሦስት ወሩን ሒሳብ ነገርኩት። ክንዴን ለረጅም ጊዜ አየው። ሐሙስ ዕለት የሁለት ወሩን በላስቲክ አስሮ ሰጠኝ፣ የቀረውን ደግሞ በሳምንቱ። ከዚያ ሌሊት ወዲህ ግን ጆንያው ላይ መጥቶ አልተቀመጠም።