የእጅ ዋጋ

በጋራዥ ቋንቋ ውስጥ ከሚገኙት ቃላት ሁሉ እኔን ቆም አድርጎ የሚያሳስበኝ «የእጅ ዋጋ» የሚለው ነው። የቀሩት አብዛኞቹ ከጣሊያንኛ የወረስናቸው ናቸው፤ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ፍሬን፣ ኩሽኔታ፣ ካቻቪቴ። ጣሊያኖቹ ከወጡ ከሰማንያ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል፤ ቃላቸው ግን ጥፍር ሥር እንደገባ ግራሶ ከመካኒኩ እጅ አልለቀቀም። ሒሳብ ላይ ሲደረስ ነገሩ ወደ አማርኛ ይመለሳል። «ዕቃው ይኽን ያህል፣ የእጅ ይኽን ያህል» ይባላል። የጭንቅላት ዋጋ የሚባል ነገር የለም፤ የዓይንና የጆሮም እንዲሁ። መካኒኩ ጎንበስ ብሎ ሞተሩን ማዳመጡ፣ ሕመሙን ከድምፁ መለየቱ፣ ያን ለማወቅ የፈጀው ዕድሜ፣ ሁሉም «እጅ» በምትባለው ቃል ተጠቅልሎ ይገባል።

ይህን ያነሳሁት የእህቴ መኪና ፍሪሲዮን ጨርሶ ስለ ዋጋው ስንከራከር በመሰንበታችን ነው። መኪናዋ አሮጌ ኮሮላ ናት። ከለገሃር ወደ ማዘጋጃ ቤት የሚያወጣውን የቸርችል ጎዳና ዳገት ስትይዝ ሞተሯ ይጮኻል እንጂ ጉልበቱ ጎማው ዘንድ አይደርስም፤ የተቃጠለ ሽታም ይከተላል። እህቴ ብቻዋን ወደ አንድ ጋራዥ ወሰደቻት። ፍሪሲዮኑ አልቋል፣ የእጅ ብቻ 8,000 ብር አሏት። በማግስቱ እኔ ያችኑ መኪና ይዤ፣ እዚያው ጋራዥ፣ ያው ሰውዬ ዘንድ ሄድኩ። 5,000 ብር አለኝ። መኪናዋን አላስታወሳትም፤ ወይም እንዳላስታወሰ ሆነ። በአንድ ሌሊት ውስጥ ዕቃው አልረከሰም፣ ሥራውም አልቀለለም። የተለወጠው መሪውን የያዘው ሰው ነው።

«ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል» ይባላል። እህቴ ግን ሞኝ አይደለችም፤ ፋርማሲስት ናት፤ እኔ አንብቤ የማልወጣውን የመድኃኒት ስም በቃሏ የምታውቅ ሴት ናት። ፍሪሲዮን አታውቅም እንጂ። እኔም ብሆን የማውቀው ከእሷ ብዙም አይበልጥም፤ የረዳኝ ያውቃል ተብዬ መጠርጠሬ ብቻ ነው።

ፍሪሲዮን ምን እንደሆነ ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ልናገር፤ የዋጋው ነገር የሚገባው ያኔ ነውና። መኪና ስትቆም ጎማዋ ይቆማል፣ ሞተሯ ግን መዞሩን ይቀጥላል፤ ስለዚህ ሁለቱን የሚያገናኝና የሚያለያይ ነገር ያስፈልጋል። ከሞተሩ ጫፍ ላይ የሚሽከረከር ከባድ የብረት መዘውር አለ። ፊት ለፊቱ በሞላ ኃይል የሚጫን ሰሀን አለ። በሁለቱ መካከል ሸራ የተለበጠበት ክብ ይቀመጣል። ፔዳሉ ሲረገጥ ሰሀኑ ይለቀዋል፤ ፔዳሉ ሲለቀቅ ሰሀኑ ሸራውን ከመዘውሩ ጋር አጣብቆ ይይዘውና የሞተሩ ጉልበት ወደ ካምቢዮው ያልፋል። መኪናው በተነሳ ቁጥር ሸራው ትንሽ ይፋጫል፣ ትንሽ ይበላል። ሲፈጠርም ሊበላ ነው የተፈጠረው። ዳገት ላይ በፍሬን ፈንታ በፍሪሲዮን የሚቆም፣ ወይም እግሩን ፔዳሉ ላይ አሳርፎ የሚነዳ ሰው ቶሎ ይጨርሰዋል።

ዋናው ቁም ነገር ያለበት ቦታ ነው። ጎማ ሲያልቅ መንገደኛ እንኳ ያየዋል። ፍሪሲዮን ግን በሞተሩና በካምቢዮው መካከል ተዘግቶበት ይኖራል። እሱን ለማየት ካምቢዮው መውረድ አለበት፤ ካምቢዮው ከወረደ ደግሞ የሥራው ትልቁ ድካም አለፈ ማለት ነው። እንግዲህ ደንበኛው የእጅ ብሎ የሚከፍለው ሸራውን ለማስለወጥ ከመሆኑ ይልቅ ሸራው ዘንድ ለመድረስ ነው። ደህና መካኒክ ሸራውን ብቻ ሳይሆን የሚጫነውን ሰሀንና ኩሽኔታውን አብሮ መለወጥ የሚመክረውም ለዚህ ነው፤ በኩሽኔታ ላይ የተቆጠበች ገንዘብ ከጥቂት ወራት በኋላ ያንኑ የእጅ ዋጋ እንደገና ልታስከፍል ትችላለች። ምክሩ እውነት ነው። ነገር ግን «ካምቢዮው ከወረደ አይቀር» የምትለው ይህችው እውነተኛ ምክር ላስፈላጊውም ላላስፈላጊውም ዕቃ በር ትከፍታለች። ካምቢዮው መሬት ላይ ተዘርግቶ እያለ እምቢ ብሎ መኪናውን ይዞ የሚሄድ ደንበኛ የለም።

ከዚህ የከፋም አለ። ፍሪሲዮናቸው በገመድ በሚሠራ መኪኖች ላይ ሸራው ገና ደህና ሆኖ ሳለ ገመዱ ከልክ በላይ በመወጠሩ ብቻ ሊንሸራተት ይችላል። ያንን ማስተካከል የደቂቃዎች ሥራ ነው። መካኒኩ ይህን አውቆ፣ ደንበኛው ደግሞ ለሙሉ ፍሪሲዮን ተዘጋጅቶ ገንዘቡን ይዞ ቢመጣ፣ መካኒኩ የመናገር ግዴታ አለበት ወይስ የለበትም?

ጥያቄው ከመኪና ይቀድማል። ሮማዊው ሲሴሮ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ44 ዓመት ለልጁ በጻፈው ስለ ግዴታ በሚናገር መጽሐፉ ውስጥ ስለ አንድ የእህል ነጋዴ ያነሳል። የሮድስ ደሴት ሕዝብ ተርቧል። ነጋዴው ከእስክንድርያ እህል ጭኖ ይደርሳል። ሌሎች ብዙ መርከቦችም እህል ይዘው ከኋላው እየመጡ መሆናቸውን በመንገድ አይቷል። ይህን ተናግሮ እህሉን በደህና ዋጋ ይሽጥ፣ ወይስ ዝም ብሎ በረሃብ ዋጋ ይሽጥ? የባቢሎኑ ዲዮጋን ሕግ የሚያዘውን ከተናገረና ካላታለለ በቀር ዝም ማለት ይችላል ባይ ነው፤ መደበቅና አለመናገር ይለያያሉ ይላል። ደቀ መዝሙሩ አንቲፓጥሮስ ግን ሻጩ ያወቀውን ሁሉ ገዢው ማወቅ አለበት ብሎ ከመምህሩ ይለያል። ሲሴሮ የፈረደው ለተማሪው ነው።

እኔ ስለ እህል ነጋዴው ብጠየቅ ጥቂት አመነታ ነበር። መርከቡን በማዕበል ያሻገረ ሰው ነው፤ ቀድሞ መድረሱም ራሱ አንድ ነገር ነው። የመካኒኩ ነገር ግን ይለያል። ነጋዴው የሮድስን ሰዎች «ረሃባችሁ ምን ያህል ነው» ብሎ አልመረመራቸውም። መካኒኩ ግን መርማሪውም እሱ፣ መድኃኒት አዛዡም እሱ፣ ሻጩም እሱ ነው። «ምን ሆና ነው?» ተብሎ ተጠይቆ መልስ ሰጥቷል። ሰው ምክር ሲጠይቀው ከእውነቱ ግማሹን አስቀርቶ የሚመልስ ሰው ዝም አለ አይባልም።

ይህን ለእህቴ ስነግራት እንደጠበቅኩት አልተደሰተችም። «የእኔ ነገር ቀላል ነው» አለች። «በሽተኛው ውዱን መድኃኒት የታዘዘበት ወረቀት ይዞ ይመጣል። ርካሹም ያው መሆኑን እነግረዋለሁ። ለምን መሰለህ? ደመወዜ ያው ነው። ውዱን ብሸጥ ለእኔ የሚጨምርልኝ የለም። ያ ሰውዬ ግን የሚበላው መኪናዬ ስትፈታ ነው፤ ገመዷን አላልቶ ቢልከኝ ምን ሊበላ ነው?» የተበለጠችው እሷ ሆና ጠበቃውም እሷ መሆኗ አስገረመኝ። ለነገሩ ሦስት ሺህ ብሩን አልማረችም፤ እስከ ዛሬም በዚያ ጋራዥ በር ስታልፍ ፊቷን ታዞራለች።

ሕግስ ምን ይላል ለሚል፣ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1710 እዚሁ ጉዳይ ላይ ቆሟል። ውል ለአንዱ ወገን በብዙ ስለጠቀመ ብቻ አይፈርስም። የተጎዳው ወገን የተስማማው ግን ችግረኛነቱን፣ የዋህነቱን፣ እርጅናውን ወይም በንግድ ነገር ልምድ የሌለው መሆኑን ሌላው ተጠቅሞበት እንደሆነ፣ ፍትሕ ሲያስገድድ ሊፈርስ ይችላል። ጥሩ ሕግ ነው። ግን ለ3,000 ብር ብሎ ማን ችሎት ለችሎት ይንከራተታል? የጋራዥ ፍትሕ ሰዎቹ መካከል ካልተገኘ ሌላ ቦታ አይገኝም።

እንግዲህ የእህቴን ጥያቄ ይዘን የተገላቢጦሹን እንመልከት፤ እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚከብደው። ደንበኛ ጋራዥ ሲገባ የሚከራከረው በምኑ ላይ ነው? በዕቃው ዋጋ ላይ ያጉረመርማል እንጂ ብዙም አይከራከርም። ዕቃ ብረት ነው፤ ካርቶን አለው፤ ከውጭ የመጣ ነው። በተለይ በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ «ዶላር ነው» ሲባል አፉን ይይዛል። የእጅ ዋጋ ላይ ሲደርስ ግን ጀግና ይሆናል። «ለመፍታትና ለመግጠም ይህን ያህል?» ይላል። ሠራተኛው ሥራውን በሦስት ሰዓት ከጨረሰ ደግሞ ጭራሽ የተበደለ ይመስለዋል። ቀኑን ሙሉ ቢንፏቀቅ ኖሮ ደስ ብሎት ይከፍል ነበር። ልምድ ያፈጠነውን እጅ ስለ ፍጥነቱ መቅጣት ማለት ይኼ ነው።

ንቀቱ የቆየ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው እየጠሩ መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል። ብረት ሠሪው፣ ሸማኔው፣ ፋቂው ሁሉ በሙያው ስም የሚሰደብበት አገር ነበርና። በዚያው በ1900 ዓ.ም. ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ መኪና እየነዳ አዲስ አበባ ገባ። መኪናዋና አዋጁ በአንድ ዓመት መገናኘታቸው እንዲያው የአጋጣሚ ነገር ነው፤ ነገር ግን መኪናዋን ተቀብለን አዋጁን የረሳን ይመስለኛል። ዛሬ ብረት የሚነካውን ሰው ማንም በአደባባይ አይሰድበውም፤ በእጁ ዋጋ ላይ ግን እንደ ድንች ይከራከረዋል።

መካኒኩስ ምን ያደርጋል? በግልጽ የተነፈገውን በስውር ያወጣዋል። የእጁን ዝቅ አድርጎ ይስማማና ዕቃው ላይ ይጨምራል። ይህን በዓይኔ ያየሁት መርካቶ ወርደን ፍሪሲዮኑን ራሳችን ልንገዛ በሞከርንበት ቀን ነው። ባለሱቁ ዋጋውን ከመናገሩ በፊት «መካኒክ ነህ ወይስ ባለቤት?» ሲል ጠየቀኝ። ባለቤቷ እሷ ናት አልኩ። ከእኛ አጠገብ ቱታ የለበሰ ወጣት ያንኑ ዓይነት ዕቃ ገዝቶ ሲከፍል፣ ባለሱቁ ሳያፍር፣ ድምፁንም ሳይቀንስ «ስንት ብዬ ልጻፍልህ?» አለው። ወጣቱም ሳያፍር ነገረው። ደረሰኙ ላይ የተጻፈው ልዩነት ያ ወጣት የተከለከለው የእጅ ዋጋ ነው ብል ነገሩን ማሳመሬ አይደለም፤ ውሸት ውሸት ነው። ደግሞም ስርቆቱ የሚያርፈው የእጁን ዋጋ ሳይከራከር በከፈለው ደንበኛም ላይ ነው፤ መካኒኩ ሁለቱን ለይቶ አያይምና። ሆኖም እጁን በርካሽ የሚገዛና ከዚያ በኋላ ታማኝነቱን በነጻ የሚጠብቅ ደንበኛ፣ ሒሳቡን ጨርሶ አልሠራም።

አርስቶትል በሥነ ምግባር መጽሐፉ አምስተኛ ክፍል ላይ ልውውጥ የሚደረገው በሁለት ሐኪሞች መካከል ሳይሆን በሐኪምና በገበሬ መካከል ነው ይላል፤ በአጠቃላይ በሚለያዩና እኩል ባልሆኑ ሰዎች መካከል፤ እኩል የሚያደርጋቸው ልውውጡ መሆን አለበት። እኔ ይህን የምረዳው እንዲህ ነው፤ እህቴ ፍሪሲዮን አለማወቋ የዋጋ ምክንያት ሊሆን አይችልም። ባታውቅማ ነው ወደ እሱ የሄደችው። ስለዚህ ዋጋን የምፈትንበት አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ሰውዬው ይህንኑ ዋጋ ሙያውን የሚያውቅ፣ ግን ወዳጁ ያልሆነ ሰው ፊት ቆሞ ይጠራው ነበር ወይ? 5,000 ብሩን ይጠራው ይመስለኛል። 8,000ውን አይጠራውም። የሚገርመው ግን ስለ ብረቱ አልዋሸንም። ፍሪሲዮኑ በእርግጥ አልቆ ነበር። ስለ ዕቃ እውነቱን ተናግሮ በዋጋ መበደል እንደሚቻል ያስተማረኝ እሱ ነው።

በመጨረሻ የሠሩልን አንድ ሸምገል ያሉ መካኒክ ናቸው። የእጃቸውን 6,000 ብር አሉ፤ ከእኔው 5,000 የሚበልጥ መሆኑ ነው። ከመስማማታችን በፊት እህቴን መሪው ላይ አስቀምጠው የእጅ ፍሬኑን አስያዟትና «አራተኛ አስገቢ፤ አሁን ቀስ ብለሽ ልቀቂ» አሏት። ሞተሩ መጥፋት ሲገባው እንደ ልቡ መዞሩን ቀጠለ። «አየሽ ልጄ፣ አይዝም» አሉ። ካምቢዮውን ካወረዱ በኋላ ሥራቸውን አቁመው ስልክ ደወሉልን። አሮጌውን ሸራ ከአዲሱ ጎን ጋዜጣ ላይ አስቀምጠው ጠበቁን። አሮጌው ተበልቶ ምስማሮቹ ብቅ ብለዋል። እህቴ ጣቷን አሳረፈችበት፤ ዋጋውን አልተከራከረችም። ስታወጣ የሰጠቻቸው ግን ከ6,000 ብር በላይ ነበር፤ ምን ያህል እንደሆነ አልነገረችኝም።

ሒሳቡ ካለቀ በኋላ ትንሽ ተጫወትን። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ በኤሌክትሪክ የሚሄዱት በዝተዋል፤ እነሱ ደግሞ እንዲህ ያለ ፍሪሲዮን የላቸውም። «ጋሼ፣ ሥራ አይቀንስብዎትም?» አልኳቸው። አሮጌዎቹ ገና ብዙ ዓመት ይሄዳሉ ብለው ሳቁ። ቀጥለው አንድ ደንበኛ በቅርቡ ከእነዚያ መኪኖች አንዱን አምጥቶ «ባትሪው ሊለወጥ ይገባል ብለውኛል፣ እውነት ነው?» ብሎ እንደጠየቃቸው ነገሩኝ።

«ምን አሉት?»

«ምን እለዋለሁ» አሉ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ። «ኮምፒዩተሩ ያለውን ነው እነሱም ያሉት። እኔ ፈትቼ ጋዜጣ ላይ የማስቀምጥለት ነገር የለኝም።»