ከዳር የቆመ ሰው ዘብ ይሆናልን?

የተራራ ደን ነገር ሲነሣ የምንሰማው ስብከት ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ገበሬውን መጥረቢያ የያዘ ጠላት ያደርገዋል፤ ሌላው ደግሞ አባቶቻችን ሁሉ የዛፍ ወዳጆች ነበሩ እያለ ያሞካሸናል። ሁለቱም የሚሸሹት ጥያቄ አለ፦ ክልከላው ፍትሕ ሳይኖረው ተራራውን ቢያድን ምን እንበለው?

ለዚህ የመንዙን ጓሳ እናንሣ። ከባሕር ወለል ከ3,200 ሜትር በላይ የተዘረጋ ውርጫም ደጋ ነው። ደን ለማለት እንኳ ያስቸግራል፤ ዛፉ ጥቂት፣ ሣሩና አስታው ብዙ ነው። በሣሩ ቤት ይከደናል፣ ገመድ ይገመዳል፤ አስታው ይነዳል፤ ዝናም በቀረ ጊዜ ከብቱ ነፍሱን የሚያተርፈው እዚያ ነው። ቀይ ቀበሮና ጭላዳም ይኖሩበታል። ይህን ሀብት ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ የጠበቀው ቄሮ የሚባል የአገሬው ሥርዐት ነበር (ቃሉ ዛሬ ሌላ ነገር ያስታውሳል፤ እኛ የምንለው የመንዙን ነው)። አለቃው አባ ቄራ ይባላል። ቦታው ሲዘጋ ሣሩ እስኪያገግም ድረስ ለዓመታት ማንም አያጭድበትም፣ ማንም ከብት አያሰማራበትም፤ የደፈረ ይቀጣል።

መልካም። ነገር ግን ሲከፈት የሚገባው ማን ነበር? የአስቦና የጌራ ዘር ነኝ ያለ ባለርስት ነው። ሐረጉ ያልተቈጠረለት ጎረቤት፣ ብርዱ ያው ብርድ ሆኖ ሳለ፣ ከዳር ቆሞ ያይ ነበር። ሣሩን ያዳነው አጥር ሰውን የከለከለ አጥር ነበር ማለት ነው።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ታወጀ። ርስት ቀረ፤ ቄሮውም አብሮ ፈረሰ። ከዳር የቆመው ገባ፤ ጓሳም ተጎዳ። «ይኸው፣ እኩልነት ተራራውን አራቆተ» የሚሉ አሉ። ይህ ፍርድ አይዋጥልንም። በመምህራን ማሠልጠኛ ሳለን አንድ ዕጩ መምህር «ደኑ የሁሉም ከሆነ፣ ማን ማንን ይከለክላል?» ብሎ ጠይቆን ነበር። ነገሩ ያለው እዚያ ላይ ነው። በቄሮ ጊዜ የሚያጭደውና የሚከለክለው አንድ ሰው ነበር፤ በአዋጁ ግን ማጨዱ ለሁሉም ደረሰ፣ መከልከሉ ለማንም ሳይደርስ ቀረ። ኋላ የመንዝ ሰው ራሱ መድኃኒቱን አገኘው፦ በዙሪያው ያሉት ቀበሌዎች የተወከሉበት ጠባቂ ኮሚቴና መተዳደሪያ ደንብ አቆመ፤ መግቢያው የትውልድ ሐረግ መሆኑ ቀረ።

እዚህ ናይሮቢም የካሩራን ደን በ1999 (እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር) ለግል ግንባታ ሲያድሉት፣ ዋንጋሪ ማታይ ችግኝ ይዛ ገብታ ተደብድባለች። ደኑ ዛሬም አለ። ማታይ ግን የአገሯ ልጅ ነበረች፤ «የእኔም ነው» ብላ መጮኽ ትችል ነበር። ስደተኛውስ? በናይሮቢ ያለን ከሰሉን በጆንያ እንገዛለን፤ ከየትኛው ተራራ እንደ ወረደ ጠይቀን አናውቅም። በካኩማ ያላችሁም ከቱርካናው ትገዛላችሁ፣ በማገዶ ነገርም ከእርሱ ጋር ትጋጫላችሁ። እኛ ዛሬ ያ ከዳር የቆመው የመንዝ ጎረቤት ነን።

ያ ጎረቤት ሣሩን የመቆጠብ ግዴታ ነበረበትን? ለባለርስቱ ሲል አልነበረበትም። ለሣሩ ሲል ግን ነበረበት እንላለን፤ የእርሱም ልጅ ነገ ጣሪያ ይፈልጋልና። ይሁን እንጂ ተቆጠብ የሚለው ሰው አስቀድሞ በሸንጎው ቦታ ሊሰጠው ይገባል፤ ቦታ ሳይሰጡ ግዴታ መጫን ግፍ ነው።

ስለ ማገዶ በምትሰበሰቡበት ቀን የቱርካና ሽማግሌዎችን ትጠሯቸዋላችሁ ወይ? እነርሱስ በስብሰባቸው ለእናንተ በርጩማ ያወጡ ይሆን? ለሚቀጥለው እትም ጻፉልን።