የፊርማ ዕዳ

በምርምር ጽሑፍ ራስጌ ስሙን የሚያሰፍር ምሁር ከክብሩ ጋር ምን ዕዳ ይቀበላል? ጥያቄው የሥነ ምግባር እንጂ የሕትመት ሥርዓት ብቻ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ1998 የብሪታንያው የሕክምና መጽሔት «ላንሴት» የኩፍኝ፣ የጆሮ ደግፍና የሩቤላ ጥምር ክትባት ከኦቲዝም ጋር ሳይያያዝ አይቀርም የሚል ጥርጣሬ የጫረ ጽሑፍ አወጣ። የተጠኑት ሕፃናት 12፣ ፈራሚዎቹ ግን 13 ነበሩ! ዋናው ጸሐፊ አንድሩ ዌክፊልድ የክትባቱን አምራቾች ለመክሰስ ይዘጋጅ ከነበረ ጠበቃ ገንዘብ መቀበሉን ለአንባቢ አልገለጸም። ገምጋሚ የቀረበለትን ጽሑፍ ይመረምራል እንጂ የጸሐፊውን ኪስ አይፈትሽም፤ ስለዚህ ወቀሳውን ሁሉ በእርሱ ላይ መጫን ፍርደ ገምድልነት ነው። አብረው የፈረሙት ግን መዝገቡን የመጠየቅ መብትም ግዴታም ነበራቸው።

በ2004 ጋዜጠኛው ብራያን ዲር ጉዳዩን ሲያጋልጥ 10ሩ ፈራሚዎች የጽሑፉን ትርጓሜ እንዳነሡ በጽሑፍ አስታወቁ። መጽሔቱስ? ስሕተት ማተም በማንም አዘጋጅ ላይ ሊደርስ ይችላል፤ ከተጋለጠ በኋላ 6 ዓመት ማቆየት ግን ምርጫ ነው። ጽሑፉ ሙሉ በሙሉ የተሰረዘው በ2010 ሲሆን፣ እስከዚያው ብዙ ወላጆች ልጆቻቸውን ከማስከተብ ተቆጥበው በእንግሊዝና በዌልስ ኩፍኝ ዳግም አንሠራርቶ ነበር። ጽሑፉ ዛሬም «ተሰርዟል» የሚል ምልክት ታትሞበት፣ ከነ13ቱ ስሞች ይነበባል።